የመጀመሪያ በርጩማዬ በሁለት ወሩ ተሰነጠቀ፤ ጥፋቱ ከእንጨቱ ነው ወይስ ከእጄ?

ጀማሪው ዘኮተቤ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡15

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የምኖረውም ኮተቤ አካባቢ በሚገኝ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከአናጢነት ጋር የነበረኝ ዝምድና በልጅነቴ የአባቴን መዶሻ ሰርቄ ሚስማር ከማጣመም ያለፈ አልነበረም። ባለፈው ክረምት ግን ዝናቡ ቅዳሜና እሑድን ቤት ሲያስውለኝ፣ እናቴ ቡና ስታፈላ የምትቀመጥበትን በርጩማ በገዛ እጄ ልሥራላት ብዬ ተነሣሁ።

የነበረኝ መሣሪያ አንድ የእጅ መጋዝ፣ መዶሻ፣ ሜትርና ከጎረቤት የተዋስሁት ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) ነው። በነሐሴ መጀመሪያ ሰፈራችን ካለ የግንባታ ዕቃ መሸጫ አንድ ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን ወፍራም እንጨት) እና ጣውላ ገዛሁ፤ ሻጩም ባህር ዛፍ መሆኑን ነግሮኛል። ለመቀመጫው እያንዳንዳቸው 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን ሦስት ጣውላዎች ጎን ለጎን ገጥሜ፣ ከሥራቸው በኩል ሁለት አግዳሚዎችን በኮላም በሚስማርም አጣበቅሁ። ኮላውን አልሰሰትሁም፤ ሚስማሩንም እንዲጠነክር በማሰብ በእያንዳንዱ ጣውላ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ መታሁት። አራቱን እግሮች ከሞራሌው በ40 ሳንቲ ሜትር ቆርጬ ከላይ በረጃጅም ሚስማር ቸነከርኋቸው። ለእንቁጣጣሽ እናቴ ቡና አፈላችበት፤ አንዲት ጎረቤታችንም ከየት እንደገዛነው ስትጠይቅ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ላይ ከሳሎን በኩል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዕቃ የወደቀ መስሎኝ ተነሥቼ ብፈልግ ምንም አላገኘሁም። ጠዋት በርጩማውን ሳገላብጠው የመሐለኛው ጣውላ ጅማቱን ተከትሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተርትሯል፤ በጣውላዎቹ መካከል ቀድሞ ያልነበረ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል፤ አንደኛው እግርም መሬት አይነካም። ማንም አልወደቀበትም፤ ውኃም አልፈሰሰበትም። ጥፋቱ ምኑ ላይ እንደሆነ የምታውቁ ብትነግሩኝ፣ ሁለተኛውን ከመጀመሬ በፊት ልማርበት እፈልጋለሁ።

---

መሮ ያዡ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡50

ልጄ፣ በርጩማህን የሰነጠቀው ነሐሴ ነው።

በአናጢነት 38 ዓመት ቆይቼ አሁን በጡረታ ላይ ነኝ፤ እንዳንተ ያለ ሥራ ይዞ የሚመጣ ሰው በየዓመቱ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አይጠፋም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ለግንባታ የሚሸጠው ባህር ዛፍ ብዙውን ጊዜ በቅርቡ የተቆረጠ ነው፤ በክረምት ደግሞ ደጅ ተደርድሮ ዝናብ ሲጠጣ ይከርማል። አንተ የገዛኸው እንጨት በአንድ በኩል ውኃ ነበር ማለት ይቻላል። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ አቆመ፣ በጋው ገባ፣ አየሩ ደረቀ፣ እንጨቱም የያዘውን ውኃ ማውጣት ጀመረ።

እንጨት ሲደርቅ እኩል አይኮማተርም። በርዝመቱ በኩል የሚቀንሰው ከቁጥር የማይገባ ነው፤ በስፋቱ በኩል ግን በዓይን የሚታይ ያህል ይሸሻል። በስፋቱም ቢሆን የዕድሜ ቀለበቱን ተከትሎ የሚኮማተረው፣ ከግንዱ እምብርት ወደ ልጡ አቅጣጫ ከሚኮማተረው በግምት እጥፍ ይሆናል። ጣውላ እንደ ሰፌድ ጎድጎድ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ያንተን ሥራ ተመልከት፦ ሦስቱ ጣውላዎች በስፋታቸው መጥበብ ይፈልጋሉ፤ ከሥር ያለው አግዳሚ ግን ጅማቱ የሚሄደው በእነሱ ስፋት አቅጣጫ ስለሆነ አያጥርም። አንተ ደግሞ በኮላና በግራ ቀኝ ሚስማር አንድ ላይ አሰርሃቸው። መጥበብ የተከለከለ ጣውላ ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ ከደካማ ቦታው መተርተር። የሰማኸው ድምፅ እሱ ነው። ባህር ዛፍ ደግሞ ከብዙዎቹ እንጨቶች ይልቅ በመኮማተርና በመጠማዘዝ የታወቀ ነው፤ ቆሞ ሳለ በግንዱ ውስጥ የተወጠረው ኃይል ሲሰነጠቅ ስለሚላቀቅ፣ አንዳንዱ ገና መጋዝ ላይ እያለ ይጎብጣል።

ለማረጋገጥ አንድ ነገር አድርግ። ስትሠራው ሦስቱ ጣውላዎች አንድ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ነበሩ ብለሃል። ክፍተቶቹን ሳትቆጥር የእያንዳንዱን ጣውላ ስፋት አሁን ለካና ደምረው።

የእግሩ ነገር ሌላ ጥፋት ነው። ከላይ የመታኸው ሚስማር በሞራሌው አናት በኩል፣ ከጅማቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ነው የገባው። በዚያ አቅጣጫ የገባ ሚስማር የሚይዘው ነገር የለውም፤ በጭራሮ ነዶ ውስጥ ዱላ እንደመሰካት ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ይባስ ይላላል።

---

ጀማሪው ዘኮተቤ
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 1፡20

ጋሽ መሮ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ለካሁ፤ ድምሩ 29 ሳንቲ ሜትር ከ1 ሚሊ ሜትር ሆነ። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር በሁለት ወር ውስጥ ጠፍቷል ማለት ነው። ሥራዬ ከቁጥር ጋር የምውልበት ስለሆነ በድጋሚ ለክቼ ነው የምጽፍልዎ፤ አልተሳሳትሁም።

አሁን የሚያሳስበኝ ጥያቄ፣ ደረቅ እንጨት መሆኑን በምን አውቃለሁ? የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ የለኝም። እርጥብ ከሆነስ ምን ያህል ጊዜ መጠበቅ አለብኝ?

---

መሮ ያዡ
ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1፡05

መለኪያው ወጥ ቤትህ ውስጥ አለ። ጣውላውን በቤት ሚዛን መዝነህ ክብደቱን ከነቀኑ በእርሳስ እዚያው ጣውላው ላይ ጻፍ። በሳምንቱ ድገመው። ክብደቱ እየቀነሰ እስከሄደ ድረስ እየደረቀ ነው፤ ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ካልተለወጠ ከቤትህ አየር ጋር ተስማምቷል። እኛ በሱቅ ስንገዛ ጉንጫችን ላይ እናስነካው ነበር፤ እርጥብ እንጨት ይቀዘቅዛል። ሁለት ጣውላ አጋጭተህ ብትሰማም ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ይታፈናል። ይህ ግን ልምድ ስለሚጠይቅ አንተ ሚዛኑን እመን።

የጊዜውን ነገር በተመለከተ፣ ደጅ በጥላ ለሚደርቅ ጣውላ የቆየው ልማድ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል መቁጠር ነው። ቤት ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ በየመሐሉ እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች እያስገባህ ብትደረድረው ያጥራል። ፀሐይ ላይ አታስጣው፤ ላይኛው ፊት ከውስጡ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። የጣውላዎቹን ሁለት አፍ ቀለም ወይም ኮላ ቀባው፤ ውኃ በአፉ በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣ መጀመሪያ የሚተረተረው እሱ ነው።

---

እጀ ሥራ ዘሐዋሳ
ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 4፡30

ጋሽ መሮ ያሉት ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ጀማሪን አንድ ዓመት ጠብቅ ማለት ሥራውን እንዲተወው ማድረግ ይመስለኛል። እኔ ሁለት ልጆች እያሳደግሁ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው የምሠራው። ወንድሜ፣ ለመቀመጫው 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ተጠቀም። ኮምፔንሳቶ ስስ ስስ ንብርብር እንጨት ሲሆን የአንዱ ጅማት በሌላው ላይ ተሻግሮ ስለሚጣበቅ አንዱ ንብርብር ሌላውን ይይዘዋል፤ ክረምት ከበጋ ስፋቱ አይለወጥም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ የሚሠራውን ችፑድን ግን ለበርጩማ አልመክርም፤ ቪቴ (ባለ ጥርስ ጥምዝ ሚስማር) ጠርዙ ላይ አይጸናበትም፣ ውኃ ከነካው ደግሞ እንደ ዳቦ ያብጣል፤ ቡና የሚፈላበት ቤት ውስጥ ውኃ መፍሰሱ አይቀርም።

ስለ ጎረቤትና ስለ ድምፅ ልጨምር። በፎቅ ቤት መዶሻ ማስጮህ ጠብ ነው። አንድ ክንድ ከስንዝር በምታህል የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ላይ ከፊት በሥር በኩል አንድ ዘንግ፣ ከኋላ በላይ በኩል ሌላ ዘንግ በቪቴ አጥብቅ። የሥሩ ዘንግ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይይዛል፤ እንጨትህን በላይኛው ዘንግ ላይ አስደግፈህ በግራ እጅህ እየገፋህ ትጋዛለህ። እንጨት አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ አያስፈልግህም፣ ጠረጴዛውም አይቧጨርም። ለማንኛውም ጀማሪ የመጀመሪያው ሥራ በርጩማ ሳይሆን ይህች መደገፊያ ብትሆን እመርጣለሁ፤ ብትበላሽ እንኳ ማንም አይቀመጥባትም።

---

ማዶ ሆኜ
ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 3፡10

ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። የኮተቤው ወንድሜ ችግር እዚህም አለ፤ የወቅቱ ስም ብቻ ይገለበጣል። የዚህ አገር በጋ ወበቅ ነው፤ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣል። በክረምት ደግሞ ቤቱ በማሞቂያ ስለሚደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል። በነሐሴ የሠራሁት የሻይ ጠረጴዛ በጥር ወር ፊቱ ሲከፈት ማሞቂያው ላይ ሳማርር ሰነበትሁ።

እዚህ ላላችሁ ጀማሪዎች አንድ ወጥመድ ልጠቁም። «ቱ ባይ ፎር» ተብሎ የሚሸጠው እንጨት ሁለት በአራት ኢንች አይደለም፤ ተላግቶ የሚደርሳችሁ አንድ ተኩል በሦስት ተኩል ኢንች፣ ማለትም 38 በ89 ሚሊ ሜትር ሆኖ ነው። እኔ በስሙ ተማምኜ በወረቀት ላይ ነድፌ ስቆርጥ አንዱም ከአንዱ አልገጠመም።

ብዙ ሰው በነፃ የሚያገኘው የዕቃ መጫኛ ፓሌት ነውና ስለ እሱም ልበል። ከአገር አገር የሚጓጓዝ ፓሌት ተባይ እንዳያዛምት በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ታክሞ ማኅተም ይመታበታል። በማኅተሙ ላይ «ኤች ቲ» የሚሉት የላቲን ፊደላት ካሉ በሙቀት የታከመ ነው፤ «ኤም ቢ» ካለ ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነውና ወደ ቤታችሁ አታስገቡት። ማኅተም የሌለውንና ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትንም ተዉት። ፓሌት አዲስ አበባም ስለሚገኝ ምክሩ ለሁላችንም ይጠቅማል።

---

ፈጣን እጅ
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 2፡00

ይቅርታ ይደረግልኝና ውይይቱ ነገሩን እያከበደው ነው። በዘመናችን ትራፓኖና ሰርኩላር መጋዝ ያለው ሰው ስለ ጅማትና ስለ ቀለበት መጨነቅ የለበትም። የብረት ማዕዘን ገዝቶ በቪቴ ማሰር ነው። እኔ የልጆቼን የመጽሐፍ መደርደሪያ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጨርሻለሁ፤ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

---

መሮ ያዡ
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 3፡25

ልጄ ፈጣን እጅ፣ መደርደሪያና በርጩማ አንድ አይደሉም። መደርደሪያ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ሸክሙ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው። በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ይዞራል፣ ያዘነብላል፣ ተነሥቶ ይቀመጣል፤ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ እግሩን እንደ መፈንቀያ ብረት ይነቀንቀዋል። ቪቴ ብቻውን ያንን ንቅናቄ ለጥቂት ጊዜ ይችለዋል፤ ከዚያ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ስለ ማሽኑ አልከራከርህም፤ እኔም ሰርኩላር ላይ ኖሬአለሁ። ነገር ግን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ማሠሪያ ጠረጴዛ በሌለበት፣ ለጀማሪ ሰርኩላር መጋዝ ስጡት ስትል ጣቶቹን አስብ።

ለኮተቤው ልጅ፦ እግርና አግዳሚ የሚገናኙበትን ወንዴና ሴቴ በሚባለው አገጣጠም ሥራው፤ ሴቴው ቀዳዳው ነው፣ ወንዴው በውስጡ የሚገባው ምላስ። ሴቴውን ቀድመህ ፈልፍል፤ ወንዴውን በእሱ ልክ ታሳንሰዋለህና። የቀዳዳው ስፋት ከእንጨቱ ውፍረት ሲሶ ይሁን፤ የሞራሌህ ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 16 ሚሊ ሜትር መሮ ይበቃሃል። ሁለቱንም ጠርዝ በስኳድራ (ማዕዘን መለኪያ) እና በቢላዋ ጫፍ አስምር፤ የእርሳስ መስመር ይወፍራል፣ የቢላዋ መስመር ግን መሮውን ራሱ ይዞ ያቆምልሃል። ከዚያ በትራፓኖ፣ በ16 ቁጥር ፑንታ (የትራፓኖው መብሻ ጫፍ) ተከታታይ ቀዳዳዎችን ከፍተህ በመካከላቸው የቀረውን በመሮ ጥረግ። ፑንታውን ወደምትፈልገው ጥልቀት ሲደርስ እንድታውቅበት ፕላስተር ጠቅልልበት።

ወንዴው ሲገባ በእጅ ግፊት መግባት አለበት። መዶሻ ከፈለገ ወፍሯል፤ ሴቴውን ይሰነጥቀዋል። ገልብጠኸው በራሱ ክብደት ከወደቀ ደግሞ ሳስቷል። አንድ ሁለት ልጭ እያነሣህ ደጋግመህ ሞክር፤ እዚህ ላይ የምታጠፋው ሰዓት ከሁሉ ይበልጥ የሚከፍልህ ነው።

መሮህን ሳል። ደነዝ መሮ ይንሸራተታል፤ የተንሸራተተ መሮ ደግሞ የሚያርፈው ግራ እጅ ላይ ነው። መሳያ ድንጋይ ከሌለህ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ ለጥፈህ፣ ከ400 ቁጥር ጀምረህ እስከ 1000 እየወጣህ በ25 ዲግሪ ገደማ ሳለው። የክንድህን ፀጉር ከላጨ ደርሷል። ሁለቱም እጆችህ ሁልጊዜ ከመሮው አፍ በስተኋላ ይሁኑ።

---

እጀ ሥራ ዘሐዋሳ
ኅዳር 12፣ ከቀኑ 6፡40

በመሐል አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ትራፓኖ፣ ስኳድራ፣ ፒያላ፣ ሞርሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቪቴ፣ ኮላ፣ ፑንታ፤ የአናጢዎቻችን ቋንቋ ግማሹ ጣልያንኛ ነው። መጋዝ፣ መሮና መዶሻ ግን የራሳችን ናቸው። ልጄ «ካቻቢቴ የአማርኛ ቃል ነው ወይ?» ብላ ጠይቃኝ አዎ ብያታለሁ፤ እስካሁን አልጸጸትም።

ወደ ቁም ነገሩ ስመለስ፣ ቪቴ ከማስገባት በፊት በቀጭን ፑንታ መንገድ መክፈትን ማንም አላነሣም። የፑንታው ውፍረት፣ ጥርሱን ሳይጨምር፣ ከቪቴው ግንድ ጋር እኩል ይሁን። በተለይ ወደ ጫፍ በተጠጋ ቦታ ላይ ይህን ሳያደርጉ ቪቴ ማስገባት እንጨቱን በገዛ እጅ መፍለጥ ነው።

---

የጫካ ወዳጅ
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 1፡45

ከባህር ዛፍ ይልቅ በዋንዛ ቢሠራ ይሻላል የሚል አስተያየት ሊመጣ እንደሚችል ስለገመትሁ ቀድሜ ልጻፍ። ዋንዛ በእውነት ለእጅ ሥራ የተፈጠረ እንጨት ነው፤ ለመሮ ይታዘዛል፣ ብዙ አይጠማዘዝም፣ ቀለሙም ያምራል። ገበቴውም፣ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማም ከእሱ ይሠራል። ሆኖም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ መነሻውም ዛፎቹ እየተመናመኑ መሄዳቸው ነው። ስለዚህ አዲስ የተሰነጠቀ ዋንዛ ሲቀርብላችሁ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነውር የለውም።

ለጀማሪ የምመክረው ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትዘዋወሩ ያረጀ የበርና የመስኮት ክፈፍ አታጡም። እንዲህ ያለው እንጨት የመድረቂያ ዘመኑን በሰው ቤት ጨርሶ የመጣ ነው፤ ጋሽ መሮ የሚሉትን አንድ ዓመት ሌላ ሰው ጠብቆላችኋል። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ውስጥ የቀረ ሚስማር ነው፤ መጋዝን በአንድ ምት ጥርሱን ያወልቀዋል፤ ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት ማግኔት አስሱበት። ሁለተኛው ነቀዝ ነው፤ የመርፌ ቀዳዳ የመሰሉ ነገሮች ካሉበት እንጨቱን ወለል ላይ ነካ ነካ አድርጉት፤ ደቃቅ ዱቄት ከረገፈ ውስጡ ነዋሪ አለው፣ ወደ ቤት አይግባ። ለአዲስ እንጨት ደግሞ በየቡና ማሳው ለጥላ የሚተከለው ግራቪሊያ መካከለኛ ምርጫ ነው።

---

ጀማሪው ዘኮተቤ
ጥር 16፣ ከቀኑ 9፡30

የተከበራችሁ ሁላችሁ፣ ሁለት ወር ዝም ያልሁት እየሠራሁ ስለነበር ነው።

የቀድሞውን በርጩማ ፈታሁት። እግር ሆነው የቆዩት የሞራሌ ቁርጥራጮች ቤት ውስጥ ስለከረሙ በየሳምንቱ መዘንኋቸው፤ ከኅዳር 24 ወዲህ ክብደታቸው አልተለወጠም። በእጀ ሥራ ምክር ለመቀመጫው ኮምፔንሳቶ ልገዛ ነበር፤ ነገር ግን በየጫካ ወዳጅ ምክር ምናለሽ ተራ ስዞር ቀለሙ የተላላጠ የመስኮት መከለያ አገኘሁ። ቀለሙ የእርሳስ ንጥረ ነገር ሊኖረው ይችላል ብዬ ስለሰጋሁ በረንዳ ላይ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ አቧራ እንዳይነሣ እያረጠብሁ ፋቅሁት። ከሥሩ የወጣው እንጨት ቀላ ያለ፣ ሲፋቅ የእርሳስ መቅረጫ ሽታ ያለው ነበር፤ ጋሽ መሮ ፎቶውን አይተው ጥድ ነው አሉኝ።

ከሁሉ የከበደኝ የመጀመሪያው ሴቴ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ፤ ግድግዳው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ ወንዴው ሲገባ እግሩ እንደሰከረ ሰው ተንጋደደ። በቀዳዳው ጎን ስስ ልጭ በኮላ ለጥፌ አስተካከልሁት። አራተኛው 40 ደቂቃ ወሰደ፤ ወንዴውን በመዳፌ ስገፋው አየሩ ከውስጥ «ፍስ» ብሎ ሲወጣ ሰማሁና ሚስቴን ጠርቼ ደግሜ አሰማኋት። እሷ የሰማችው ነገር እንዳልነበረ ከፊቷ አይቻለሁ።

መቀመጫውን በአግዳሚዎቹ ላይ ያለ ኮላ በቪቴ ብቻ ከሥር አሰርሁ። ጋሽ መሮ በውስጥ መልእክት እንደመከሩኝ መሐለኛውን ቪቴ በክብ ቀዳዳ፣ የዳርና የዳሩን ግን በስፋቱ አቅጣጫ በተሳበ ሞላላ ቀዳዳ አስገባሁ፤ ስለዚህ ጣውላው ሲሰፋና ሲጠብ ከመሐል ወደ ሁለት ጎን ይንሸራተታል እንጂ አይያዝም።

በመጨረሻ አንዱ እግር አሁንም አጠረ። አያቶቻችን ሦስት እግር የመረጡት ወደው አልነበረም፤ ሦስት እግር ያለው ነገር በማናቸውም ወጣ ገባ መሬት ላይ አይንገዳገድም። የእኔ ግን አራት ስለሆነ በሴራሚክ ወለሉ ላይ አቁሜ ከአጭሩ እግር ሥር ወረቀት እየደራረብሁ ንቅናቄው እስኪጠፋ አስተካከልሁ። ከዚያ እርሳስ በአንዲት ስስ እንጨት ላይ አጋድሜ፣ እንጨቷን በወለሉ ላይ እያንሸራተትሁ በአራቱም እግሮች ዙሪያ አሰመርሁ። እርሳሱ ከወለሉ ያለው ከፍታ ስለማይለወጥ አራቱም መስመሮች በአንድ ደረጃ ላይ ዋሉ፤ በመስመሩ ቆረጥሁ። አሁን በርጩማው 39 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ከወለሉ የተጣበቀ ይመስል ይቆማል።

ፊቱን በ80፣ በ120ና በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በጅማቱ አቅጣጫ አሽቼ የተልባ ዘይት ለመቀባት አስቤአለሁ። ይህን በተመለከተ ጥንቃቄ ካለ ብትነግሩኝ። እናቴ ደግሞ በርጩማውን ካየች በኋላ ረከቦት አዝዛለች፤ መጠኑን ከምን ልጀምር?

---

ማዶ ሆኜ
ጥር 16፣ ከምሽቱ 4፡05

እንኳን ደስ አለህ፣ ወንድሜ። የተልባ ዘይት ስስ አድርገህ ቀባ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን በጨርቅ ጥረግና ለብዙ ቀናት እንዲደርቅ ተወው፤ ወፍራም ከሆነ እየተጣበቀ ይቀራል። ዋናው ጥንቃቄ ጨርቁ ላይ ነው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፤ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ያለ ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ከተጠቀምህበት በኋላ ዘርግተህ ደጅ አስጣው ወይም ውኃ ውስጥ ንከረው።

---

እጀ ሥራ ዘሐዋሳ
ጥር 17፣ ከጠዋቱ 2፡30

ለረከቦቱ ሜትር አታንሣ፤ የእናትህን ሲኒዎች ከነማስቀመጫቸው ካርቶን ላይ ደርድራቸው። በመካከላቸው ሁለት ሁለት ጣት ክፍተት ተው፤ አለዚያ ሲኒ ሲነሣ ጎረቤቱን ይገጫል። ዙሪያውን አስምረህ ካርቶኑን ቁረጥና እናትህ ፊት አስቀምጠው፤ ከበርጩማው ላይ ተቀምጣ ሳትንጠራራ ሁሉንም ሲኒ ከደረሰች ልኩ እሱ ነው። ጀበናው በማቶቱ ላይ ለብቻው ስለሚቀመጥ ቦታ አትተውለት። በዙሪያው አንድ ሳንቲ ሜትር የምትሆን ከፈፍ አድርግ፤ ነገር ግን አንዱን ማዕዘን ክፍት ተው፤ የፈሰሰ ቡና በጨርቅ ተጠርጎ የሚወጣበት ያስፈልገዋል። ለእሱ የተልባ ዘይት አይበቃም፤ ሁለት ሦስት እጅ ቫርኒሽ ቀባው።